ጎረቤቴ ዮጋ የጀመረች ለት

እናንተዬ፣ በዚህ ከተማ አንዲት ሴት ሥራ ፈትታ ዝም ብላ መቀመጥ የሚፈቀድላት መቼ ነው? እኔ የማውቀው ሰው ሲሞትባት ብቻ ነው። ሌላ ካለ ንገሩኝ።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ቦሌ ስንኖር፣ ጎረቤቴ አልማዝ፣ ኦሎምፒያ አካባቢ ከምትሠራበት ቢሮ የዮጋ ቪዲዮ ካሴት ተውሳ መጣች። "የሰው ሚስት ነኝ፣ የልጆች እናት ነኝ። ከዚያ ውጭ ማን እንደሆንኩ አንድ ቀን እንኳ ባውቅ" አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ባሏና ልጆቿ እንደወጡላት፣ ፀጉሯን ለቃ ሳሎን መሬት ላይ ቁጭ አለችና ዓይኗን ጨፈነች። በመስኮት ያዩዋት ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ "ወይኔ ልጄን!" እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ታዲያ ምን ይበሉ? ወዲያው ሰፈሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ገባ። የዕድሩ ዳኛ ለድንኳን የሚሆን ቦታ መረጡ። እኔም ማን እንደሞተ ሳልጠይቅ አምርሬ አለቀስኩ።

አልማዝ ዓይኗን ገለጠች። "ማን ሞቶ ነው?"

"አንቺ ንገሪን እንጂ!" አሉ እትዬ በላይነሽ።

"ኧረ ማንም አልሞተ!"

ጉዱ የመጣው ይኸኔ ነው። ሰው ሞቶባት ቢሆን ኖሮ ሠርተን የምናበላት እኛ ነበርን። ማንም ካልሞተ ግን እንግዶቿ ነን፤ እንግዳ ደግሞ አፉ ሳይሻር አይሸኝም። አልማዝ ፀጉሯን ጠቅልላ ወደ ጓዳ ገባች።

ተከትያት ገባሁና "ታዲያ ማን እንደሆንሽ አወቅሽ?" አልኳት።

"አወቅሁ" አለችኝ ቀና ሳትል። "እስቲ ያንን ሽንኩርት አቀብዪኝ።"