ባዶ ወንበር የማይወዱ ሰው

ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። ውሸት ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲደግስ የኖረም የሚሞተው ብቻውን ነው። እንዲያውም አንዳንዱ ለሁሉም ሰው ደግ ሲሆን ለሚስቱ የሚተርፍ ደግነት ያጣል።

ምስክሬ በስደት የምንኖርባት የሉዊስ ሴንተር ከተማ ጎረቤቴ ጋሼ ሰይድ ናቸው። እሳቸው ሪከንባከር ኤርፖርት መጋዘን የሌሊት ሺፍት ይሠራሉ፤ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ የቀን። ለዓመታት የሚገናኙት የቤታቸው ጋራዥ በር ላይ ብቻ ነው። አምና ወደ ወሎ ሲሄዱ ቱርክ ላይ ሁለት ቀን ቆዩ፤ እትዬ ዘይነባም ለአንዱ ቀን ሰፊ የግል መኪና ከነሹፌሩ ቡክ አደረጉ። ጠዋት ጥንታዊ ፍርስራሽ፣ ከሰዓት የባሕር ዳርቻ ከተሞች፣ ለሁለት ብቻ።

ጋሼ ሰይድ ግን ባዶ ወንበር ማየት አይችሉም። ፍርስራሹ ጋ አውቶቡስ ያመለጣቸው ሁለት ተማሪዎች አገኙና "ቦታ አለ፣ ግቡ!" አሉ። ከምሳ በኋላ ጀርመናዊ ባልና ሚስት ተጨመሩ፤ ቀጥሎ አንድ ሐብሐብ ሻጭ ከነሐብሐቡ። ያ የፈረሰ ከተማ በደህናው ዘመኑስ ይህን ያህል ሕዝብ ነበረው ትላላችሁ?

"ባሕሩን ያየሁት በጀርመኗ ትከሻ አሻግሬ ነው" አሉኝ እትዬ ዘይነባ።

"ታዲያ መኪናው ባዶውን ሲሄድ ነውር አይደል?" አሉ ጋሼ ሰይድ።

"ባዶውን? እኔ አልነበርኩም?"



እትዬ ዘይነባ ዘንድሮም ያንኑ መኪና ቡክ አድርገዋል። እናንተም በዚያ ስታልፉ አንድ ፈገግታ የማይለያቸው ሽማግሌ "ቦታ አለ፣ ግቡ!" ቢሏችሁ አትግቡ። በእግራችሁ ሂዱ።