የወይዘሮ ቦጋለች ቁርጭምጭሚት ጉዳይ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ድሬዳዋ፣ መጋላ፣ የአቶ ሱሌማን ቅመም መጋዘን
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡30፣ ገበያው ለሙቀቱ በተዘጋበት

የተገኙ የእድሩ ኮሚቴ አባላት፦ አቶ ሱሌማን (ሰብሳቢ፣ ቅመም ነጋዴ)፣ አቶ ሂርሲ (ጫማ ነጋዴ)፣ ወ/ሮ ፊርዶስ (ሽቶ ነጋዴ)፣ ወ/ሮ ቦጋለች (ሽርጥና ሻሽ ነጋዴ፣ ታማሚ)፣ ዕዝራ (ጣቃ ነጋዴ፣ ጸሐፊ)።

ከአምስት አባላት አምስቱም ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል። ወንበር ጎድሎ ጸሐፊው የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጧል፤ የተዘለለ ቃል ቢኖር ምክንያቱ ማስነጠስ ነው።

መነሻ፦ ወ/ሮ ቦጋለች ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ከባጃጅ ሲወርዱ ቀኝ እግራቸው ወለም ብሏቸዋል። በእድሩ ደንብ መሠረት አባላት ሱቃቸውን በተራ ሲጠብቁላቸው ሰንብተዋል። ደንቡ ታማሚ የሚለው የተኛን ሰው ነው። ትናንት ግን ወ/ሮ ቦጋለች በራቸው ላይ ግድግዳ ይዘው በአንድ እግር ቆመው ታይተዋል።

አጀንዳ 1፦ በአንድ እግር የቆመ ሰው ታማሚ ነው ወይስ ጤነኛ?

አቶ ሂርሲ፣ «አቦ፣ እኔ በጤናዬ እንደዚያ መቆም አልችልም፤ እሷ ቆማ እኔ ሱቋን ልጠብቅ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ወ/ሮ ቦጋለች ሲያስረዱ፣ እብጠቱ ስለጎደለ ከእንግዲህ መተኛት እግሩን እንደሚያሰንፈው ፊዚዮቴራፒስቱ ነግሯቸዋል። ያዘዘላቸውም በአንድ እግር መቆም፣ ተረከዝ ማንሳትና በእግር አውራ ጣት አየር ላይ ፊደል መጻፍ ነው። ዓረፋ አሥራ ሰባት ቀን ቀርቶታል፤ እስከዚያ ቆመው መዋል ካልቻሉ የዓመቱ ዋና ገበያ ያመልጣቸዋል። አቶ ሂርሲ በተራቸው ቀን ሽርጥ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ ጫማ ሸጠው እንደሸኙም ወ/ሮ ቦጋለች አክለዋል። አቶ ሂርሲ፣ «ወላሂ፣ በባዶ እግሩ ሽርጥ የሚያምርበት ሰው አላየሁም» ብለዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ግራ እግራቸው ጤነኛ፣ ቀኝ እግራቸው ታማሚ እንዲባል በድምፅ ብልጫ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ እንቅስቃሴውን ማን ይሥራ?

ወ/ሮ ፊርዶስ ታማሚ መድከም ስለሌለበት ሱቁን የሚጠብቀው ተረኛ እንቅስቃሴውንም እንዲሠራላቸው ሐሳብ አቅርበዋል። ወ/ሮ ቦጋለች፣ «ፊርዶስዬ፣ አንቺ ተረከዝሽን ብታነሺ የኔ እግር በምን ይድናል?» ቢሉም፣ «ሱቅሽ በኛ ተከፍቶ ይውል የለ?» የሚል መልስ ተሰጥቷቸዋል።

ሐሳቡ የእድሩን መንፈስ የጠበቀ ሆኖ ስለተገኘ ጸድቋል።

አጀንዳ 3፦ ፊደሉ የማን ይሁን?

አቶ ሂርሲ በሶማሊኛ እንዲጻፍ ጠይቀዋል፤ ፊደሉ ጥቂት ነው፣ የአማርኛው ግን ከሁለት መቶ ስለሚበልጥ እግር ያዝላል። ሰብሳቢው በበኩላቸው ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ የተጠመዘዘውን ይመልሳል ብለዋል። ወ/ሮ ቦጋለች፣ «እግሬ እኮ ትምህርት ቤት አልገባም!» ብለዋል። ጸሐፊው የአየር ጽሑፍን ማን እንደሚያነበው ጠይቋል።

ሶማሊኛና ዐረብኛ ቀን በቀን እየተፈራረቁ እንዲጻፉ፣ የጸሎት ቀናት፣ ዓርብና እሑድ፣ ለአማርኛ እንዲተዉ ተወስኗል።

ሙከራ፦ የተረኛው ድካም እንዲታወቅ ሰብሳቢው ሁሉም በአንድ እግር እንዲቆም አዘዋል። አቶ ሂርሲ ስድስት ተቆጥሮ የቀረፋ ከረጢት አቅፈዋል። ወ/ሮ ፊርዶስ ከአቶ ሂርሲ የገዙት ጫማ እንደማያስቆም አስመዝግበዋል። ሰብሳቢው መደርደሪያ ይዘው አሥር ደርሰዋል። ጸሐፊው አራት። ወ/ሮ ቦጋለች በታማሚው እግራቸው፣ ምንም ሳይዙ፣ ሠላሳ ተቆጥሮላቸው ገና ቆመው ሳሉ የሚከተለውን ተናግረዋል፦

«ጋሽ ሱሌማን፣ ይሄን ሱቄ ውስጥ ልሥራው። ደንበኛ ሲመጣ እቀመጣለሁ፣ ሲሄድ እቆማለሁ። ሱቄን መልሱልኝ።»

«ሰው ምን ይለናል ልጄ? ታማሚ ያሠራሉ አይለንም?»

«ሐኪም አዘዘ በሏቸው። ሂርሲ ሲሸጥ ያየማ ይመርቃችኋል።»

አቶ ሂርሲ ተቃውሞ የለኝም ብለው የወ/ሮ ቦጋለችን ሱቅ ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ወ/ሮ ቦጋለች በራሳቸው እግር፣ በወደዱት ፊደል፣ በገዛ ሱቃቸው እንዲድኑ፤ ተረኛው ከባድ ዕቃ ብቻ እንዲያነሳላቸው በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

ስብሰባው 10፡05 ላይ ተበትኗል። ወ/ሮ ቦጋለች ቀድመው ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሄደዋል፤ የቀሩት አባላት እግራቸውን ለማሸት ጥቂት ቆይተዋል።