የአማቴ ትንፋሽ

እኛ ሰዎች እኮ ግራ ነን። በሽታችንን ሀኪም እንዲያይልን እንፈልጋለን፤ በሽታው ያለበትን ገላ ግን ባያይብን ደስ ይለናል። ጎረቤቴ ሆዱን ቢያመው ሀኪም ዘንድ ሄዶ፣ እንደተከናነበ «እዚህ ጋ ነው» ብሎ ኩታውን አሳይቶ ተመልሷል። አትሳቁበት። እኔም የሳቅሁት ተራዬ እስኪደርስ ድረስ ብቻ ነው።

ከጃንሆይ የዘውድ በዓል በኋላ በነበረው በጋ አማቴ እመት በላይነሽ ሳል ጠናባቸውና ከሁሩታ በበቅሎ ናዝሬት እኛ ቤት መጡ። አማትና አማች እንዴት እንደምንተፋፈር ታውቃላችሁ፤ እሳቸው እኔ ባለሁበት እህል አይቀምሱም፣ እኔም ቀና ብዬ አላያቸውም። ቤታችን ግን በመጋረጃ የተከፈለች አንድ ክፍል ናትና፣ አለማየት ብችልም አለመስማት አልቻልኩም። ጋደም ባሉ ቁጥር ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ብድግ ብለው ይቀመጡና ዳገት እንደሮጠ ሰው ያለከልካሉ። ጠዋት «እንዴት አደሩ?» ስላቸው «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ።

በባቡር የሚመላለስ አንድ ፈረንሳዊ ሀኪም ጣቢያው አጠገብ በሽተኛ ያይ ነበር። ወሰድናቸው። አስተርጓሚ ቢጠፋ፣ ጣቢያው ላይ ዕቃ ሳስጭን በለቃቀምኳት ፈረንሳይኛ እኔው ገባሁ።

ሀኪሙ «ደረታቸውን ይግለጡ» አለኝ።

እስቲ እናንተ ተርጉሙት! ለአማታችሁ! ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ «እመት፣ ቀሚሱ አላሰማ አለኝ ይላል» አልኩ። ባለቤቴ አስናቀች ገባት፤ ከእናቷ ጋር ትንሽ ከታገለች በኋላ የጨርቅ ኮሽታ ሰማሁ። ቀጥሎ ሀኪሙ ጀርባቸውን በጣቱ ማንኳኳት ያዘ።

«ምን ፈልጎ ነው የሚያንኳኳው?» አሉ እመት።

«ውስጡን ሊሰማ ነው። አሁን ደግሞ ሠላሳ ሦስት ይበሉ።»

«የምን ሠላሳ ሦስት?»

«ድምፅዎ ደረትዎ ውስጥ ሲያስተጋባ ሊያዳምጥ ነው፤ እንዲሁ ይበሉለት፣ እመት።»

አሉለት። ድምፃቸው ከጉድጓድ የወጣ ይመስል ነበር። ከዚያ ሀኪሙ ሲተኙ ትንፋሽ ያጥራቸው እንደሆነ ጠየቀ።

«ኧረ በጭራሽ! እንደ ሕፃን ነው የምተኛው» አሉ።

ይህን ብተረጉም ሽሮፕ ሰጥቶ ሊሸኛቸው ነው፤ በዚያው ትንፋሽ ደግሞ ብዙም አይሰነብቱም። ግድግዳውን እያየሁ የሰማሁትን ለመናገር ቆረጥኩ። ግን ማለክለክ በፈረንሳይኛ ምን እንደሚባል አላውቅም።

ስለዚህ አለከለክሁ።

ከኋላዬ ነጠላ ሲሳብ ተሰማኝ። አማቴ የገዛ ትንፋሻቸውን ከአማቻቸው አፍ ሰምተው አወቁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሀኪሙ ግን እንደገና አንኳኳ፣ እንደገና አዳመጠ፤ በግራ በኩል ውሃ ቋጥሯል አለና በወፍራም መርፌ ቀዳላቸው። አስናቀች እንደነገረችኝ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሞልቷል። ሰነባብተው ተሻላቸው፤ በጀርባቸው ተንጋለው መተኛት ቻሉ።

ወደ ሁሩታ ሊመለሱ ሲሉ አስጠሩኝ። ፊታቸውን ሸፍነዋል።

«ሀኪሙ ገላዬን አየ፤ ባዳ ነው፣ በባቡሩ ሄደ። አንተ ግን ትንፋሼን ሰምተሃል። አንተን የት ላድርግህ?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እመት» አልኩ መሬት መሬቱን እያየሁ።

ዛሬም ሊጠይቁን ይመጣሉ። ከልጃቸው ጋር ሲጫወቱ፣ ከት ብለው ሲስቁ ከደጅ ይሰማኛል፤ ደረታቸው የወጣት ነው። እኔ ስገባ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጉና ትንፋሻቸውን ይይዛሉ።

ምን ላድርግ? ቶሎ ብዬ እወጣለሁ።