ቆዳውን አምጣ

በአገራችን ከብቱን ለርቢ ሰጥቶ ዐርፎ የሚተኛ ሰው አልተፈጠረም። በሰው በረት አንዲት ጊደር ያለችው ሁሉ ሳትጠሩት ዘመዳችሁ ይሆናል። ሲወጣ ይገባል፣ ሲመለስ ይገባል። «እንዲያው ሰላም ልበላችሁ ብዬ» ይላል፤ ዐይኑ ግን በረቱ ላይ ነው። ጊደሯ ሞተች ብትሉት አያለቅስም፣ አይሳደብም። «ቆዳውን አምጣ» ይላል።

የዚህ ወገን ቁንጮ የጠዳው ክቡር አያ ባምላክ ናቸው። ናስር ይህን ያወቀው ዘግይቶ ነው።

ናስር በከተማችን ፒያሳ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ በተከራያት ክፍል ሆኖ «ጉዛራ ኮይን» የሚባል የኮምፒውተር ገንዘብ ሠራ፤ በቴሌግራም ሸጠ። ሁለት መቶ ሰው ገዛው። «መቼ ይጨምራል?» ከማለት በቀር የጠየቀ የለም። አያ ባምላክ ግን ወይፈን ሸጠው በልጃቸው በሰርካለም ስልክ ከገዙ በኋላ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«እንደምን ሰነበተ?»

«ደኅና ነኝ፣ አያ።»

«አንተን አላልኩም። እሱን ነው።»

ናስር ደነገጠ። ግራ ቢገባው ስክሪኑን አዞረላቸው። የምትወጣ የምትወርደውን መስመር የበሬ ጎድን እንደሚቆጥር ሰው አተኩረው አዩና «ከስቷል» አሉ። እውነትም በዚያ ሳምንት ወርዶ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያልመጡበት ቅዳሜ የለም። በበረዶ መጡ፤ የክርስትና ልጃቸውን ሰርግ አቋርጠው መጡ። ወንበር ሲሰጣቸው አይቀመጡም፤ በረት ውስጥ ማን ይቀመጣል?

«በረቱን ማን ይጠብቃል?» አሉ አንድ ቀን።

«እኔ።»

«አንተንስ?»

ናስር ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

በግንቦት ወር በአንዱ ሐሙስ ጉዛራ ኮይን በሦስት ሰዓት ውስጥ ዋጋ አጣ። ናስር ለሁሉም «ገበያው ገደለው» ብሎ ጻፈ። የአጎቱ ልጅ ኡዘይር መጥቶ፣ «ምን ትጠብቃለህ? ስልክህን ዘግተህ አዲስ አበባ ግባ። እንዳንተ ኮይን የሸጡት ሌሎቹ የት አሉ?» አለው። ናስር ልብሱን ቦርሳ ውስጥ ከተተ።

ቅዳሜ ጠዋት የዱላው ድምፅ ደረጃው ላይ ተሰማ።

«ሞተ፣ አያ ባምላክ።»

«ቆዳውን አምጣ።»

«ኧረ ይሄ ቆዳ የለውም!»

«የሞተ ሁሉ ቆዳ አለው። ጅብ የበላው የጅብ ጥርስ ይታይበታል፤ ሰው ያረደው የቢላ። ገበያው ነው ካልክ የገበያውን ጥርስ አሳየኝ።»

ናስር ወደ ስክሪኑ ዞረ። ቆዳስ ነበረው። ማን፣ መቼ፣ ስንት እንደሸጠ አንድም ሳይቀር የተጻፈበት መዝገብ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፤ ከፍቶ ያነበበ ሰው ግን አልነበረም። ታች መደብሩ ወርዶ አሳተመው፤ ዐሥራ አንድ ገጽ ሆነ። ዐሥረኛው ገጽ ላይ የራሱ መለያ ስም አለ፦ ረቡዕ፣ ሊወድቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሁሉም የበለጠውን የሸጠው እሱ ነው።

ደረጃው ላይ ቆመ። ያችን አንዷን ገጽ ቢያስቀር ሽማግሌው በምን ያውቃሉ? ወጣና ከሁሉም ገጽ በላይ አደረጋት።

«የቢላ ነው» አለ።

«የማን?»

«የኔ።»

አያ ባምላክ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «የሸጥክበት ገንዘብ የት አለ?» አሉ።

«ግማሹ አለ።»

«እሱን ለባለቤቶቹ። የቀረውን ሠርተህ። ወረቀቱንም ለሁሉም አሳይ።»

እዚያው በቴሌግራም አሳየ። ሁለት መቶ ሰው በአንድ አፍ ሰደበው።

አያ ባምላክ ከመውጣታቸው በፊት ጥግ ያለውን ቦርሳ በዱላቸው ነካ አደረጉት። «ሌሎቹ ጠፉ አሉ። አንተ ምነው ቀረህ?»

«ቅዳሜ ይመጣሉ ብዬ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ አራት ሰዓት አለፈ፤ ደረጃው ላይ ድምፅ የለም። አምስት ሰዓት ሲሆን ናስር አላስቻለውም፤ የጠዳ ታክሲ መውረጃ ድረስ ሄዶ ፀሐይ ላይ ቆመ። አንዱ ሲመጣ ይንጠራራል፣ ሌላው ሲመጣ ይንጠራራል። በመጨረሻ ዱላው ቀድሞ ወረደ።

«እንደምን ሰነበተ?» አሉ።

«ለሠላሳ ሰው መልሻለሁ፣ አያ፤ የቀረው ደግሞ . . .»

«እሱን አላልኩም» አሉ። «አንተን ነው።»