ሞት እንዳይጠራ

ኑዛዜ መጻፍ የሚፈራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የአሰበ ተፈሪው ልብስ ሰፊ ጋሽ በየነ እንዲያ ነበሩ። አልማዝን ከሁለት ዓመቷ ጀምረው አሳድገዋታል፤ አልወለዷትም፣ በወረቀትም ልጃቸው አላደረጓትም።

«ጋሼ፣ ለአልማዝ ሁለት መስመር ይጻፉላት እንጂ» እኔ ጎረቤታቸው ስላቸው፣

«ሞትን ልትጠራብኝ ነው?» ይሉኛል።

ሞት ሳይጠራ መጣ። ዓመት ሙሉ ታመው ሲተኙ አንዴ ያልጠየቃቸው ወንድማቸውም ከመቻራ ከተፍ አለ። የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ፊት ለምስክርነት ቆምኩ።

«ጓድ፣ ሟች የወለዱት ልጅ አላቸው?»

እውነት ነውና «የላቸውም» አልኩ። ቤቱም የስፌት መኪናውም ለወንድም ሆነ።

በአርባቸው ዕለት ወራሹ፣ ምሳ ያቀረበችለትን አልማዝን ቀና ብሎ አያትና «ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አላት።

አልማዝ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ምስክሩ፣ አቀርቅሬ እንጀራዬን ቆረስኩ።