ጠይቡ ከገባ በኋላ

አንዳንድ ቃል ሲወለድ ያየው ሰው ሲያረጅ ቢያገኘው አይለየውም። "ጥበብ" የሚለውን እንውሰድ። ግዕዝ የተማሩ ሰዎች እንደነገሩኝ ከዚህ ቃል ቤት ሁለት ልጆች ወጥተዋል። አንዱ ጠቢብ ነው፤ ካባ ለብሶ ከነገሥታት ጋር ማዕድ ቀረበ። ሌላው ጠይብ ነው፤ መዶሻና መጥረቢያ ያዘ፣ ከዚያ ዐይኑ ሰው ይበላል ተባለና ሲያልፍ ልጆች ይሸሸጉበት ጀመር። ሞፈሩን እንወስዳለን፣ ማሰሮዋን እንወስዳለን፣ ሰላምታውን እንተወዋለን። እንዴት ተደረገ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ይልቅ እኔ በገዛ ብዕሬ ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

ጊዜው ጃንሆይ ያረጁበት፣ እኔም ወልቂጤ አስተማሪ ሆኜ ክራባት ማሰር የጀመርኩበት ነው። አጎቴ ሳህሌ ቸሃ ውስጥ፣ ጀፎረ በምንለው ሰፊ የመንደር መንገድ ዳር፣ ቤት ሊሠራ ተነሣ። ከጣራው ጫፍ የቆመ ሰው አዲስ አበባን ያይ ነበር። መካከሉ ላይ የሚቆመው ምሰሶ ከአያቱ ጓሮ የተቆረጠ ዝግባ ነው፤ አራት ሰው ተያይዞ ቢያቅፈው ጣታቸው አይገናኝም። እሺ፣ ሁለት ሰው።

በእኛ ዘንድ ምሰሶ የሚያቆመው ጠራቢው ብቻ ነው። ባለቤቱ ራሱ ካቆመው ቤቱ ቤት አይሆንም። ምሰሶው ቆሞ ምድጃው ከተለኮሰ በኋላ ግን ያው ጠራቢ ደጃፉን አይረግጥም፤ ምግቡንም በእንሰት ቅጠል ውጭ ይቀበላል።

ጠራቢው ዘርጋ ይባላል። የመጥረቢያውን ጀርባ እንጨቱ ላይ ያንኳኳል፣ ጆሮውን ይለጥፋል፣ ዐይኑን ይጨፍናል። በዚያን ጊዜ ሐኪም እንኳ እንዲህ አድርጎ ሰው አያዳምጥም ነበር። ዝግባውን አዳመጠና፣

"ጌታው፣ ሆዱ ተበልቷል። ሌላ ይቆረጥ፤" አለ።

"የአያቴን ዛፍ ነው የምትሰድበው?" አለ አጎቴ።

"አልሰደብኩም። ሦስት ክረምት አይጨርስም ነው ያልኩት።"

"አንተ አቁም፤ ዕድሜውን ለእኔ ተውልኝ።"

አቆመው።

በሁለተኛው ክረምት ዝናቡ አላባራ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ በእንግድነት ሄጄ እሳት እሞቃለሁ። ዘርጋ በጀፎረው ሲያልፍ ቆሞ ኖሮ ከውጭ ተጣራ፦ "ይጮኻል፤ ውጡ።" እኛ የምንሰማው ዝናብ ብቻ ነው። አጎቴ ሳቀ። ያን ጊዜ ዘርጋ ተደርጎ የማያውቀውን አደረገ። ገባ። ጆሮውን ምሰሶው ላይ ለጠፈ፣ ከዚያ ሁለቱን ሕፃናት በብብቱ ይዞ የአጎቴን ሚስት እየገፋ ወጣ። እኔም ወጣሁ። ምሰሶውን ፈርቼ መስሏችሁ? እሱ ከገባበት ቤት መቀመጥ ተጠይፌ ነው። አጎቴ ግን "ከቤቴ የሚወጣው እሱ ነው" ብሎ በርጩማው ላይ ተመቻቸ።

ድምፁን አላጋንንም። እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ነው። አጎቴን ያወጣነው በማግስቱ ነው።

በለቅሶው ላይ ነገሩ ተጣራ። ቤቱ ሁለት ክረምት ቆሞ ነበር፤ ዘርጋ ገባ፤ ወደቀ። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ለዳኛው ማመልከቻ መጻፍ ለአስተማሪው ተሰጠ። በመንደሩ ዘርጋንና ወገኖቹን የሚጠሩበት ሌላ ስም አለ፤ እሱን ዛሬም አልጽፈውም። እኔ አማርኛዬን አሳምሬ፣ "ጠይቡ ከገባ በኋላ ቤቱ ወደቀ" ብዬ ጻፍኩ። አንዲት የሐሰት ቃል የለበትም። በሕይወቴ ሳላጋንን የጻፍኩት እሱን ብቻ ነው። የአጎቴ ሚስት "እኔንና ልጆቼን አውጥቶናል ብለህ ጨምር" አለችኝ። ወረቀቱ አልቋል አልኳት። ግማሹ ባዶ ነበር።

ዳኛው የትኛውን አንቀጽ እንዳገኘለት እንጃ፣ ዘርጋ ታሰረ። ሲፈታ ጎጆው ተቃጥሎ ጠበቀው፤ ወደ መስቃን ተሻገረ ተባለ።

ከዓመታት በኋላ እኔም ቤት ልሠራ ተነሣሁ። በአካባቢው ያሉት ጠራቢዎች ምሰሶ ያቆማሉ እንጂ አያዳምጡም፤ የሰማው ምን እንደደረሰበት አይተዋላ። የአጎቴ ድምፅ ግን፣ ማለቴ የእንጨቱ፣ ከጆሮዬ አልወጣም። መስቃን ተሻግሬ ቡታጅራ ገበያ ሄድኩ። ዘርጋ ሸብቶ፣ ሞፈርና ቀንበር ደርድሮ ተቀምጧል። ለመጀመሪያ ጊዜ "አንቱ" አልኩት። ምሰሶዬን አዳምጦ እንዲያቆምልኝ ለመንኩት። በሳምንቱ መጣ። አራት ግንድ አንኳኩቶ ጣለብኝ፤ አምስተኛውን አቆመው።

ምድጃው ሲለኮስ ደጃፉን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። "ይግቡ አባ ዘርጋ፣ አብረን እንብላ።"

የእንሰት ቅጠሉን ይዞ ውጭ ቁጢጥ አለ። "ብዕርህ አለች፣ አስተማሪው?"

"አለች።"

"እንግዲያ ዘርጋ አልገባም ብለህ ጻፍልኝ።"

ጻፍኩለት። ማንበብ አይችልም። ወረቀቱን ወደ ጆሮው አስጠጋና በጣቱ መታ መታ አደረገው። ምን እንደሰማ አልነገረኝም።