ከካምቤል ተልኮ ኦክላንድ ያልደረሰው ጥሪ

«ኮምፒውተር ያውቃል» ከመባል የከፋ የዕድሜ ልክ ፍርድ የለም። ሐኪም እንኳ «ነገ ክሊኒክ ይምጡ» ብሎ ያመልጣል። እኔ የምኖረው ካስትሮ ቫሊ ነው፤ ከኦክላንድም ከሳን ሆዜም ተነሥቶ ሊደረስብኝ የሚችል ቦታ። ስለዚህ የሁለቱም ከተማ ሐበሻ የተጣበቀ ፕሪንተር፣ የተረሳ ፓስወርድና የጠፋ የልደት ፎቶ የእኔ ጣጣ ሆኖ ቀርቷል። እናንተም እንዲህ ያለ ዘመድ አይጠፋችሁም። እባካችሁ አንዳንዴ ለሰላምታ ብቻ ደውሉለት።

ለዛሬው ነገር ግን ጥፋቱ የራሴ ነው። ሰው ሁሉ በአንድ ትልቅ ኩባንያ የኢንተርኔት ግቢ ውስጥ ተጠጋግቶ ሲጽፍ፣ ሲመራረቅና ሲሰዳደብ ኖሮ በመረረው ሰሞን፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ አንድ ጌታ የሌለው ማኅበራዊ ሚዲያ መጣ ተባለ። ነገሩ ቀላል ነው። የፈለገ ሰው የራሱን ሰርቨር፣ ማለትም ጽሑፉ ሁሉ የሚያርፍበትን ኮምፒውተር፣ ያቆማል፣ የራሱን ደንብ ያወጣል። ሰርቨሮቹ ግን የሚግባቡበት ቋንቋ አንድ ስለሆነ፣ ኦክላንድ የተጻፈውን የሳን ሆዜው ሰው በራሱ ቤት ሆኖ ያነበዋል፣ ይመልስበታል። እንደ ጎረቤት ነው፤ ሁሉም የየራሱ አጥርና በር አለው፣ ወሬው ግን ይሻገራል።

ያን ጊዜ የሁለቱ ከተማ ሐበሻ ማኅበራችን ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። ምክንያቱን ስነግራችሁ እኔው አፍራለሁ። የአዲስ ዓመት ፒክኒክ የት ይሁን ተባለ፤ ኦክላንዶች «እዚሁ ሐይቃችን፣ ሌክ ሜሪት ዳር» አሉ፣ ሳን ሆዜዎች «ፓርኪንግ የለም» አሉ። በቃ። ስንት ሐዘንና ደስታ አብሮ ያሳለፈ ማኅበር በፓርኪንግ ፈረሰ። የኦክላንዱ ሰብሳቢ ከአስመራ የመጡት ጋሼ ተክሌ ናቸው፤ የሳን ሆዜው፣ እዚያው አጠገብ ካምቤል የሚኖሩት ጋሼ ሙሉጌታ። ሁለቱ እዚህ አገር ሲመጡ አንድ ክፍል ተጋርተው የኖሩ ናቸው። የጋሼ ሙሉጌታን ልጅ ሳሮንን እንደ ልጃቸው አቅፈው ያሳደጓት ጋሼ ተክሌ ናቸው። እኔም «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብዬ ለየከተማቸው አንዳንድ ሰርቨር አቆምኩላቸው። አብረው መቀመጥ ቢያቅታቸው በየቤታቸው ሆነው ይነጋገራሉ ብዬ ነበር።

ስሕተቴ ቁልፉ ላይ ነው። ሌላው ሕዝብ የሰርቨር ቁልፍ፣ ማለት የመክፈት የመዝጋት ሥልጣኑን፣ ለሚያውቅበት ይሰጣል፤ እኛ ለታላቅ እንሰጣለን። እኔ በየትኛው አፌ ጋሼ ተክሌን «እርስዎ አይችሉም» ልበላቸው? ማስታወቂያ የሚያዘንብ የማይረባ ሰርቨር ሲመጣ እንዴት እንደሚዘጋ ሳይቀር አሳየኋቸው። በጥሞና ተከታተሉ። ተከታተሉ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ጻፉት።

ዓመት አለፈና ሳሮን አገባች። እኔን በቴክስት ጠርታኝ ሄድኩ። ከጋሼ ሙሉጌታ በስተቀኝ አንድ ወንበር ባዶውን ነበር። አስተናጋጁ ሊወስደው ሁለት ጊዜ መጣ፣ ሁለቴም በእጃቸው መለሱት። የማን ወንበር እንደሆነ ሳልጠይቅ ገባኝ። «እኚህ ሽማግሌ ግትርነታቸው ለከት የለውም» ብዬ በልቤ ጋሼ ተክሌ ላይ ፈረድኩና ጥብሴን መብላት ቀጠልኩ። ደክሞኝ ነበር። ከማኅበሩም፣ ከሰርቨሩም፣ ከሁለቱም ሽማግሌዎች ደክሞኝ፣ የሠራሁትን ነገር ከፍቼ ካየሁት ወራት አልፈው ነበር።

በሳምንቱ ጋሼ ተክሌ ደወሉ።

«ስማ ልጄ፣ ያ የሠራህልን ነገር ዎርክ ያደርጋል?»

«ምነው ጋሼ?»

«ሳሮንን ድረዋት የለም እንዴ! ሱፐርማርኬት ውስጥ ከሰው ሰማሁ። ሙሉጌታ አንዲት መስመር አልጻፈልኝም። እስቲ ቼክ አድርግልኝ። ብሮክን ከሆነም ብሮክን ነው በለኝ።»

ሰውየው ብልሽት ነው እንድላቸው እየለመኑኝ ነበር። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ሌክ ሜሪት ወዳለው አፓርታማቸው ሄድኩ።

መጀመሪያ በስልኬ የሳን ሆዜውን ከፈትኩ። ከሠርጉ ሦስት ሳምንት በፊት፣ አባላቱ ሁሉ በሚያዩት ቦታ ተጽፏል፦ «ተክሌ፣ ልጅቷ ያንተም ናት። በስተቀኜ ትቀመጣለህ። እጠብቅሃለሁ።» ተቀያይመው ሳለ መደወል ልመና ሲሆንባቸው፣ በአደባባይ መጥራትን ክብር አድርገውት ነው። ሳሮንንም «እኔ ጠርቼዋለሁ» ብለዋት ይሆናል። ከሥሩ መልስ የለም። ከዚያ የኦክላንዱን ሰርቨር ማስተካከያ ገባሁበት። የተዘጉ ሰርቨሮች ዝርዝር ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ሳን ሆዜ። የተዘጋው የፒክኒኩ ጠብ ሳይበርድ፣ ሰርቨሩ በቆመ ሰሞን ነው።

«ጋሼ፣ ይህን እርስዎ ነዎት የዘጉት?»

መነጽራቸውን አደረጉ፤ አዩት፤ አወለቁት።

«ተናድጄ ነበር» አሉ። «ለአንድ ቀን ብዬ ነው። ከዚያ ረሳሁት።»

በራሳችን እጅ በር ዘግተን «ያንኳኳ የለም» ብለን መቀየም የእሳቸው ብቻ በሽታ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩላችሁ። እኔም ያቺን ወንበር አይቼ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ተስኖኛል።

«ክፈተው» አሉኝ። ከፈትኩት። ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው ጠበቁ።

«የታለ?»

«አይመጣም ጋሼ። የሚመጣው ከእንግዲህ የሚጻፈው ነው። ተዘግቶ ሳለ የተላከው አይመለስም።»

«ማነው እንዲህ አድርጎ የሠራው?»

ስልኬን ሰጠኋቸው። የጋሼ ሙሉጌታን መልእክት ሁለት ጊዜ አነበቡት። ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱ።

«ካምቤል ውሰደኝ።»

የሥራ መውጫ ሰዓት ነውና 880 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ እየተንፏቀቅን ሄድን። እኔ በመንገዱ ሁሉ የማስረዳውን ሳሰናዳ ነበር፤ ሰርቨሩ እንዲህ ነው፣ በሩ እንዲያ ነው፣ ሆን ብለው አይደለም።

በሩን የከፈቱት ጋሼ ሙሉጌታ ራሳቸው ናቸው። አፌን ልከፍት ስል ቀደሙኝ። የሚያዩት ግን እኔን አልነበረም።

«ምነው ዘገየህ?»

«ትራፊክ» አሉ ጋሼ ተክሌ።

880ን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይከራከርም። ጋሼ ሙሉጌታ ጥቂት አሰቡና ከበሩ ገለል አሉ። ከዚያ ወደ ምግብ ጠረጴዛው ሄደው በስተቀኝ ያለውን ወንበር ሳቡላቸው።